ነርቭን በወረቀት ክሊፕ፦ የአራት ወር ማስታወሻዬ

ነገሩ የጀመረው ጥር ላይ ነው። እማዬ ቡና ታፈላለች፣ እኔ ሶፋ ላይ ተጋድሜ ስልኬን እነካካለሁ። የሚቃጠል ነገር ሸተተኝ። "እማዬ፣ ቄጤማው ተያያዘ እንዴ?" ስላት እሷም ዙሪያዋን ማየት ጀመረች። ቄጤማው ደህና ነው። ከምድጃው የወደቀ ፍም ግን ከግራ እግሯ አውራ ጣት ጋር ተጣብቋል። እስከዚያች ደቂቃ ወሬዋን እንኳ አላቋረጠችም ነበር።

ስኳር ካለባት 11 ዓመቷ ነው። "እግሬ ይደነዝዘኛል" ስትል እኛ የድካም ነው እያልን እናልፈዋለን። ቁስሉ ከወር በላይ ሐኪም ቤት ተመላልሰን ዳነ። እኔን ግን አንድ ጥያቄ እንቅልፍ ነሳኝ። እሳት ሲነካው የማይሰማው እግር እንዴት ይኖራል?

ሥራዬ ሒሳብ ነው። ከባዮሎጂ ጋር የተለያየነው አሥረኛ ክፍል ላይ ነው፤ በሰላም። ስለዚህ የእህቴን ልጅ መጽሐፍ ተዋስኩ፣ ባለ 50 ሉክ ደብተር ገዛሁና ጀመርኩ። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ኪሳራ ነበሩ። "የነርቭ ሥርዓት በሁለት ይከፈላል" እያልኩ ስሸመድድ እንቅልፍ ያዳፋኛል። ነገሩ የተቃናው መጽሐፉን ዘግቼ በራሴ ገላ ላይ መሞከር ስጀምር ነው።

መጀመሪያ ዓይን። ወረቀት ላይ የመደመር ምልክት ጻፍኩ፤ ከሱ በስተቀኝ 8 ሳንቲ ሜትር ርቆ ጥቁር ነጥብ። ግራ ዓይኔን ሸፍኜ፣ በቀኙ የመደመር ምልክቱን ብቻ እያየሁ ወረቀቱን ቀስ ብዬ አቀረብኩት። 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ላይ ነጥቡ እልም አለ። የዓይን ነርቭ ከዓይን ኳስ በሚወጣበት ቦታ ብርሃን ተቀባይ ሕዋስ የለም። ቀዳዳ መኖሩንስ እሺ። አንጎሌ በዙሪያው ባለው ነጭ ወረቀት ደፍኖት ዕድሜዬን ሙሉ ሳይነግረኝ መኖሩ ግን አናደደኝ።

ከዚያ ማስመሪያ። የእህቴ ልጅ ትለቀዋለች፣ እኔ በሁለት ጣቴ እቀልባለሁ። እኔ 22 ሳንቲ ሜትር ላይ ያዝኩት፣ እሷ 15 ላይ። ሲለቀቅ አይቶ እስከ መያዝ ያለው ጊዜ በስበት ቀመር ሲሰላ የኔ 0.21 ሰከንድ ሆነ፣ የእሷ 0.175። "ጋሼ፣ አርጅተሃል" ብላኝ ወደ ጥናቷ ተመለሰች።

ምላስ ላይ ስደርስ ተሳሳትኩ። ሚጥሚጣን ከጣዕም ዝርዝር ውስጥ አስገባሁት። ማቃጠል ጣዕም አይደለም። ዴቪድ ጁሊየስ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1997 እንዳሳየው፣ የቃሪያና የበርበሬ ካፕሳይሲን የሚከፍተው የሕዋስ በር ከ43 ዲግሪ በላይ የሆነ ሙቀት የሚከፍተው ራሱ ነው። በ2021 የኖቤል ሽልማት ካስገኙለት ሥራዎች አንዱ ይኸው ነው። ስለዚህ አንጎል የሚደርሰው ወሬ "እሳት!" የሚል ነው። በአማርኛ "አቃጠለኝ" የምንለው ልክ ነን። ሙከራው ላይ ሳለሁ በዚያው እጄ ዓይኔን አሸሁ። ዓይን ጣዕም አያውቅም፤ እሳቱን ግን ያውቀዋል። ለአፌ ውሃ ጠጣሁ፣ ምንም። ካፕሳይሲን በስብ እንጂ በውሃ አይሟሟም። እርጎ ነው ያሳረፈኝ።

ሦስተኛው ወር ሙሉውን ለንክኪ ዋለ። መሣሪያው አንድ የወረቀት ክሊፕ ነው። ዘርግቼ ሁለት ጫፍ እንዲኖረው አጠፍኩት፤ በጫፎቹ መካከል ያለውን ርቀት በማስመሪያ እለካለሁ። ባለቤቴ ዓይኗን ጨፍና "አንድ" ወይም "ሁለት" ትላለች። የመጀመሪያውን ቀን ውጤት ሙሉ በሙሉ ሰረዝኩት። አንደኛውን ጫፍ ቀድሜ አሳርፍ ስለነበር፣ ሁለት መሆኑን ያወቀችው በመቀዳደማቸው ነው። በሁለተኛው ቀን ደግሞ "ሁለት" ማለት ለመደባትና ሳታስብ ትመልስ ጀመር። ከዚያ በኋላ በመሀል በመሀሉ በአንድ ጫፍ ብቻ እየነካሁ አምታታኋት። የምትሞክሩ ካላችሁ ይቺን አትርሱ።

ውጤቱ ይኸውላችሁ። የሌባ ጣቷ ጫፍ ላይ 3 ሚሊ ሜትር ሲራራቁ "ሁለት" አለች። መዳፏ ላይ 10 ገደማ ፈለገ። ጀርባዋ ላይ 35 ሚሊ ሜትር አራርቄያቸውም "አንድ" ትላለች። ደግሜ ብነካት "አንድ አልኩህ እኮ!" ብላ ተቆጣች።

ኧርነስት ዌበር የተባለ ጀርመናዊ ይህንኑ በኮምፓስ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1834 አሳትሞታል። ጣት ላይ ተቀባዮቹ የተጠጋጉ ናቸው፤ አንጎል ውስጥም ለጣት የተሰጠው ቦታ ሰፊ ነው። ሞንትሪያል የነበረው ቀዶ ሐኪም ዋይልደር ፔንፊልድ ንቁ የሆኑ ሕሙማንን አንጎል በኤሌክትሪክ እየነካ የት እንደሚሰማቸው ይጠይቅ ነበር። ከዚያ የተሠራው ካርታ እጁና ከንፈሩ ግዙፍ፣ ጀርባው ቀጭን የሆነ ሰው ነው። ደብተሬ ላይ ስስለው የእህቴ ልጅ "ይሄ ጭራቅ ማነው?" አለች።

የጥር ጥያቄዬ የተመለሰው ግን ስለ ነርቭ ርዝመት ሳነብ ነው። ከእግር ጣት ወሬ የሚያመጣው ሕዋስ ዋና አካሉ ወገብ አካባቢ፣ ከኅብለ ሰረሰር አጠገብ ነው። ከዚያ እስከ ጣት ድረስ አንድ ሜትር ገደማ የሚሆን ክር ይዘረጋል። ያ ሁሉ ርዝመት የሚቀለበው ከዚያው ከአንዱ ሕዋስ ነው። ለዓመታት ከፍ ብሎ የቆየ ስኳር ነርቭንም፣ ነርቭን የሚመግቡትን ቀጫጭን የደም ሥሮችም ይጎዳል። ቀድሞ የሚዝለው ረጅሙ ነው። ለዚህ ነው መደንዘዙ ከጣት ጀምሮ እንደ ካልሲ ወደ ላይ የሚወጣው።

ቤት ውስጥ የሚሠራ ምርመራም አገኘሁ። እንግሊዝ አገር ኢፕስዊች ከተማ የመነጨ ነው። ታማሚው ዓይኑን ይጨፍናል። የሁለቱንም እግር አውራ፣ መሀልና ትንሽ ጣት ጫፍ በሌባ ጣት ሳይጫኑ ለአንድ ሁለት ሰከንድ መንካት ነው። ከስድስቱ ሁለትና ከዚያ በላይ ካልተሰማ ሐኪም ማየት አለበት።

እማዬን አልጋዋ ላይ አጋደምኳት። "ስነካሽ ቀኝ ወይ ግራ በይ" አልኳት። አንዴ "ቀኝ" አለች። ትንሽ ቆይታ አንዴ "ግራ"። ስድስቱንም ነክቼ ጨርሼ እጄን ሰብስቤያለሁ። እሷ ዓይኗን እንደጨፈነች፣ "ቀጥል እንጂ፣ ምን ትጠብቃለህ?" አለችኝ።

በሳምንቱ ሐኪሟ ጋ ሄድን። እሱ 10 ግራም ሲጫኑት የሚታጠፍ የናይለን ክር ተጠቀመ፤ ውጤቱ ያው ሆነ። አሁን ቤት ውስጥም የተሸፈነ ጫማ ታደርጋለች። ማታ ማታ የእግሯን ሥር በመስታወት እናያለን። እግሯን ከመታጠቧ በፊት የውሃውን ሙቀት በክርኗ ትለካለች።

ባለፈው እሁድ ክሊፑን ተቀብላኝ "ዙር፣ ጀርባህን ስጠኝ" አለች። 38 ሚሊ ሜትር አራርቃ ነካችኝ። "አንድ" አልኩ።

"አንተም ያው ነህ" ብላ ቡናዋን ቀዳች።