ዛሬ ከጋሳን ካናፋኒ ጋር ዋልኩ

ጠዋት ታክሲ ሰልፍ ላይ የጀመርኩትን የፍልስጤማዊውን ደራሲ የካናፋኒን አጭር ልብወለድ አሁን ጨረስኩት። ሦስት ፍልስጤማውያን ለሥራ ኩዌት ለመግባት ባዶ የውሃ ቦቴ ውስጥ ይደበቃሉ። ሹፌሩ ድንበር ላይ ወረቀት ሲያስጨርስ ይዘገያል። ቦቴው በፀሐይ ይግላል። ሲከፈት ሦስቱም ሞተዋል። በባሕር ወደ ዓረብ አገር የወጡ የሰፈሬ ልጆች ፊቴ ላይ ድቅን አሉ።

ካናፋኒ ይህን ያሳተመው በ1960ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ነው። በ12 ዓመቱ ከተወለደባት የወደብ ከተማ ከአካ ተሰደደ። ኩዌት አስተማረ። ቤይሩት ጋዜጠኛ ሆነ፤ ለፍልስጤም ነፃነት የሚታገለው የሕዝባዊ ግንባር (PFLP) ቃል አቀባይም ነበር። በ1972 መኪናው ላይ በተጠመደ ቦምብ ሲገደል ገና 36 ዓመቱ ነበር። የ17 ዓመቷ የእህቱ ልጅም አብራው ሞተች። ያሳዝናል!

እራት ላይ ለእናቴ ነገርኳት። ቦቴው ጋ ስደርስ እጇን ከመሶቡ ሰበሰበች።