«ስንት ኪሎ ቀነስሽ?» ላለችኝ ጓደኛዬ

ባለፈው እሑድ ጎንደር ማራኪ ሰፈር አብራኝ ያደገች ጓደኛዬ የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። ከወለደች ገና ሦስት ወሯ ነው፤ ባሏ ያለበት ጀርመን ለመምጣትም ጉዳይ ጀምራለች። ጤንነቴን ጠይቃ፣ ልጄ አፉን መፍታት አለመፍታቱን ጠይቃ ስታበቃ ዋናውን ነገር አመጣችው፤ «ስፖርት ትሠሪያለሽ አሉ፤ ለመሆኑ ስንት ኪሎ ቀነስሽ?» ፍራንክፈርት ስኖር ስድስተኛ ዓመቴ ነው፤ እንዲህ ቀላል በሚመስል ጥያቄ ግማሽ ቀን ስብሰለሰል መዋሌ ግን ለራሴም ገረመኝ።

ልጄን በመጋቢት ስወልድ የእኔም ሐሳብ ከእርሷ የተለየ አልነበረም። አራስ ጠያቂ በሌለበት ቤት ገንፎዬን ራሴ አገንፍቼ ራሴ በላሁ፤ የምትጎበኘኝ አዋላጅ ብቻ ነበረች። ሁለት ወር ሲሞላኝ እርሷው ለወለዱ ሴቶች የሚሰጥ የማገገሚያ ስፖርት እንድጀምር መከረችኝ፤ በጠቅላላው 10 ሰዓት ሲሆን ወጪውን የጤና መድኅኑ ይሸፍናል። በመጀመሪያው ቀን አሠልጣኟ ሁላችንንም ለምን እንደ መጣን ጠየቀችን። አንዷ ትልቁን ልጇን ወገቧን ሳያማት ማንሣት እንደምትፈልግ ተናገረች፤ ሌላዋ ደግሞ ስታስነጥስ ሽንት እንደሚያመልጣት፣ ድምፅዋን እንኳ ዝቅ ሳታደርግ፣ በሰው ሁሉ ፊት ዘረገፈችው። እኔ በእርሷ ፋንታ አፍሬ አቀረቀርኩ። ተራዬ ሲደርስ «ለኅዳር ቁስቋም አገሬ ስለምገባ ሆዴ እንዲጠፋልኝ ነው» አልኩ። አሠልጣኟ በትሕትና፣ እዚያ የሚጠነክሩት ፊኛንና ማኅፀንን ከሥር የሚደግፉት ጡንቻዎች እንጂ ሆድ የማጥፋት ሥራ እንደሌለ አስረዳችኝ። ሆድ የማያጠፋ ስፖርት ምን ያደርግልኛል ብዬ ከሁለት ቀን በኋላ ቀረሁ። እራቴን ትቼ፣ ሆዴን በመቀነት ጠፍሬ ከርሜ፣ ኅዳር ሲገባ እንደ ተመኘሁት ሸንቀጥ ብዬ ጎንደር ደረስኩ።

የተቀበለኝ ሁሉ «ምነው እንዲህ ከሳሽ? አሞሽ ነበር እንዴ?» ይለኝ ጀመር። አንዲት ጎረቤታችን እንዲያውም ያቺን አገር በሆዳቸው እየረገሙ ዕንቁላል ይዘውልኝ መጡ። ፈረንጅ የቀጠነችውን ያደንቃል፣ የእኛ ሰው የወፈረችውን ያመሰግናል፤ ሁለቱም ግን በዓይናቸው ለክተው ነው የሚፈርዱት።

ኅዳር 6 ቀን ልጄን አዝዬ ከእናቴ ጋር ማልደን ወጣን። እቴጌ ምንትዋብ ያሠሯት ደብረ ፀሐይ ቁስቋም ምን ዓይነት ዳገት ላይ እንዳለች ለጎንደር ሰው አልነግርም። ገና እኩሌታው ላይ ሳልደርስ ጉልበቴ ተብረከረከ፤ ወገቤን ይዤ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ልነሣ ስል ሳል ያዘኝና ያቺ ሴት በሰው ፊት የተናገረችው ነገር፣ ያውም በነጭ ቀሚስ፣ በእኔ ላይ ደረሰ። ነጠላዬን ወገቤ ላይ አገለደምኩት። እናቴ ዕድሜዋ 61 ነው፤ ጽጌንም እስከ ዋዜማው ጾማ ነበር የወጣችው። አየችኝ፤ ምንም አልጠየቀችኝም። ልጁን ከጀርባዬ ፈታ፣ በራሷ ጀርባ አዝላ፣ ወደ ኋላ ሳትዞር ዳገቱን ተያያዘችው። ከኋላ የደረሱ አንዲት አሮጊት «አይዞሽ ልጄ፣ አየሩ ነው» አሉኝ። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለች፣ ፍራንክፈርት ደግሞ 100 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ በመሆኗ ሰበቡ ሐሰት አልነበረም፤ ሆኖም አየር ሽንት አያስመልጥም።

የዚያን ዕለት ማታ ጉልበቷን እያየሁ ስቀናባት እናቴ ተቆጣች። «እንስራውንም እንጨቱንም ወድጄ የተሸከምኩት መሰለሽ? ሌሊት ጉልበቴን ሲቆረጥመኝ ማን ያያል? እኔ ወድጄ የደከምኩት ሰርግ ቤት እስክስታ ስወርድ ብቻ ነው» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ የአገር ቤት እናቶች ጂም አያስፈልጋቸውም የሚል ሰው ስሰማ ያመኛል።

ተመልሼ ወደ አሠልጣኟ ብሄድ መድኅኑ የሚከፍለው ትምህርቱ ከወሊድ በኋላ ባሉት ዘጠኝ ወራት ውስጥ ካለቀ ብቻ ኖሮ ቀኑ አልፎብኛል፤ ከኪሴ ከፍዬ ከመጀመሪያው ጀመርኩ። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ከሦስት የአገሬ ልጆች ጋር፣ ሁላችንም እናቶች ነን፣ ተራ በተራ በየቤታችን እንሠራለን። የዓለም ጤና ድርጅት በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መንቀሳቀስንና ሁለት ቀን ጡንቻ ማጠንከርን ይመክራል፤ እኛ ደቂቃውን በእስክስታ እንሞላዋለን። መሬት ወድቆ መነሣት የሚባለውን የስፖርት እንቅስቃሴ ስናይ በሳቅ ፈረስን፤ የስቅለት ዕለት ያለ አሠልጣኝ ስንሰግደው የኖርነው ነው። 20 ሊትር የያዘ ጀሪካን ከመሬት አንሥቼ ትከሻዬ ላይ ያደረግሁ ቀን እልል ተብሎልኛል። ደራርቱ ቱሉ በባርሴሎና፣ እንደ ፈረንጆቹ በ1992፣ ካሸነፈች በኋላ ልጅ ወልዳ በ2000 ሲድኒ ላይ ዳግም ወርቅ ስታጠልቅ ስለ ሆዷ የጠየቃት ሰው ስለ መኖሩ አልሰማሁም።

ለጓደኛዬ ይህን ሁሉ በድምፅ መለስኩላት። እዚህ ሊፍቱ፣ የልጅ ጋሪውና የሚንቀሳቀሰው ደረጃ ጉልበትሽን ሳታውቂው ይወስዱታል፤ ልጅሽን ለአፍታ የሚቀበልሽ ጎረቤትም ስለማይኖር በዚያው በደከመ ጉልበት ብቻሽን ትሸከሚዋለሽ፤ ስለዚህ ከመምጣትሽ በፊት ዛሬውኑ መበርታት ጀምሪ፣ የሚያመልጥሽም ነገር ካለ እንደ እኔ ሳትደብቂ ለሐኪም ንገሪ፣ መቀነቱን ለእናትሽ ተዪላት አልኳት። አሥራ አንድ ደቂቃ ሙሉ ተናገርኩ።

ማታ መልሷ መጣ። «ሰማሁሽ እኮ፣ እናትዬ፤ እና ሆድሽ ጠፋ?»