ፕሮዳክት ማናጀር የሚከፈለው ለምኑ ነው?

ፕሮዳክት ማናጀር፣ ማለትም ለአንድ ምርት ወይም መተግበሪያ ተጠያቂ የሆነው ሰው፣ ኮድ አይጽፍም፣ ገጽ አይነድፍም፣ ሽያጭ ላይም አይሰማራም። ኢንጂነሮቹ የሚታዘዙት ለሌላ አለቃ ነው፤ ዲዛይነሩም እንደዚያው። ይህን ያየ ሰው «ታዲያ ያን ያህል ደመወዝ ለምኑ ነው?» ቢል አይፈረድበትም። ለውሳኔ ነው። የትኛው ችግር ይቅደም፣ የቱ ይቆይ፣ የቱ ጨርሶ ይቅር የሚለውን የሚቆርጠው እሱ ነው፤ ውሳኔው ሳያዋጣ ሲቀርም የሚጠየቀው እሱ ነው። የሥራ መጠሪያውን፣ ደረጃውንም ሆነ ክፍያውን በዚህ ካልመዘናችሁት ሁሉም ይምታታባችኋል።

ሥራው ከሶፍትዌር ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1931 በፕሮክተር ኤንድ ጋምብል የካሜይ ሳሙናን ማስታወቂያ ይሠራ የነበረው ኒል ማክኤልሮይ ለአለቆቹ ሦስት ገጽ ማስታወሻ ጻፈ። ካሜይ ከሌሎች ኩባንያዎች ሳሙና ሌላ የራሱ ኩባንያ ምርት ከሆነው ከአይቮሪ ጋርም ይጋፋ ነበር። ማክኤልሮይ ለእያንዳንዱ ምርት ራሱን የቻለ ተጠያቂ ይመደብ አለ፤ ሰውየው ሽያጩን በየአካባቢው ይመርምር፣ የት እንደደከመ ይለይ፣ መፍትሔ ይሞክር፣ ውጤቱን ይከታተል። ዛሬም ሥራው ይኸው ነው።

በሥራ ማስታወቂያ ላይ ሦስት መጠሪያዎች ይደበላለቃሉ። ፕሮጀክት ማናጀር የሚጠየቀው የተወሰነ ሥራ በተባለው ቀንና በጀት እንዲያልቅ ነው። ፕሮዳክት ኦውነር ስክረም ከሚባለው የቡድን አሠራር የመጣ ድርሻ ሲሆን ባክሎጉን (ገና የሚሠሩ ነገሮችን ዝርዝር) በቅደም ተከተል ያስቀምጣል፤ ቡድኑ ቀጥሎ ምን እንደሚያነሳ ያሳያል። ፕሮዳክት ማናጀር የያዘው ጥያቄ ከሁለቱም ይቀድማል፦ ይህ ነገር መሠራት አለበት ወይ? በትንሽ ኩባንያ ሦስቱም አንድ ሰው ላይ ይወድቃሉ፤ ይህ አያስከፋም። የሚያስከፋው መጠሪያው ፕሮዳክት ማናጀር ሆኖ ውሳኔው ሁሉ ከላይ ተቆርጦ ሲወርድ ነው። ስለዚህ ቃለ መጠይቅ ላይ «ባለፉት ስድስት ወራት ፕሮዳክት ማናጀሩ አይሆንም ብሎ ያስቀረው ሥራ አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ጠያቂዎቹ እርስ በርስ ከተያዩ የምትቀጠሩት ትኬት (ሌላ ሰው የወሰነውን ሥራ ለኢንጂነሮች የሚያስተላልፍ ማስታወሻ) ለመጻፍ ነው።

ብዙ ቡድኖች ስፕሪንት በሚባል የሁለት ሳምንት የሥራ ዙር ይሠራሉ። ሲከፈት ዕቅድ፣ በየቀኑ 15 ደቂቃ ስብሰባ፣ ሲዘጋ የተሠራውን ማሳየትና መገምገም አለ። በዚህ መሃል ሽያጩ፣ የደንበኞች አገልግሎቱ፣ የሕግ ክፍሉና አለቆቹ እያንዳንዳቸው ግማሽ ሰዓት ይፈልጋሉ። በሳምንት ቢያንስ ሁለት ጠዋት ለጽሑፍና ለዳታ ካልዘጋችሁ የምትወስኑት በስብሰባ ላይ ጎልቶ በተሰማው ድምፅ ይሆናል።

ደንበኛ ማነጋገርን ለሌላ አትተዉ። በሳምንት ሁለት ሰው ይበቃል። «ይህ ቢኖር ትጠቀሙበታላችሁ?» አትበሉ፤ ሰው እንዳያስቀይማችሁ ብሎ አዎ ይላል። «ይህን ለመጨረሻ ጊዜ የሠራችሁት መቼ ነው? ከየት ጀመራችሁ? የት ላይ ተያዛችሁ? ከዚያስ ምን አደረጋችሁ?» በሉ። ችግሩን ለመሸሽ ሌላ ዘዴ የፈጠረ ሰው ካገኛችሁ ችግሩ የእውነት ነው። «ይቸግረኛል» ብሎ ምንም ያላደረገ ሰው ግን የምትሠሩለትንም ላይነካው ይችላል።

አብዛኛው ጉዳት የሚደርሰው ምን እንደሚሠራ ለኢንጂነሮች በምትጽፉት ጽሑፍ ላይ ነው። «ተጠቃሚው በስልክ ቁጥሩ በቀላሉ ይመዝገብ» የሚለውን እንውሰድ። ይህን የተቀበለ ኢንጂነር ቢያንስ ስድስት ጥያቄ አለው፤ ካልጠየቀ ራሱ ይወስንላችኋል። ሲስተካከል እንዲህ ይሆናል፦ ተጠቃሚው ቁጥሩን ሲያስገባ ባለ 6 አሃዝ ኮድ በአጭር መልእክት ይላካል። ኮዱ 5 ደቂቃ ይሠራል። «እንደገና ላክ» የሚለው ቁልፍ ከ60 ሰከንድ በኋላ ይከፈታል፤ አዲስ ኮድ ሲላክ የድሮው ይሰረዛል። 5 ጊዜ የተሳሳተ ለ15 ደቂቃ ይታገዳል፤ ስንት ደቂቃ እንደቀረው ገጹ ላይ ይታያል። ቁጥሩ ቀድሞ የተመዘገበ ከሆነ ኮዱን ሲያረጋግጥ ወደ ነባር አካውንቱ ይገባል። መልእክቱን ሊያነብ ከመተግበሪያው ወጥቶ ሲመለስ ያስገባው ቁጥር እንዳለ ይጠብቀዋል።

ያቺ የመጨረሻ መስመር ብዙ ጊዜ ትረሳለች። ሰውየው ኮዱን አንብቦ ሲመለስ ገጹ ከባዶ ከጀመረ ምዝገባው እዚያው ይቀራል፤ ስህተት የሚል መልእክት ስለማይወጣም ማንም አያውቀውም። ከጽሑፉ ሥር ደግሞ መለኪያው ይግባ፦ ምዝገባ ከጀመሩ 100 ሰዎች አሁን ስንቱ ይጨርሳል፣ ስንት እንዲሆን ይፈለጋል፣ እስከ መቼ።

ለውጡ መጥቀሙን በሙከራ ስታጣሩ፣ ማለትም ለአንዱ የተጠቃሚ ቡድን የድሮውን ለሌላው አዲሱን ስታሳዩ፣ የሚያስፈልገውን የሰው ብዛት አስቀድማችሁ አስሉ። በተለመደው የ95 በመቶ እርግጠኝነትና የ80 በመቶ የመለየት አቅም (ልዩነቱ በእርግጥ ካለ የማየት ዕድል)፣ ግምታዊው ስሌት 16ን በአሁኑ ምጣኔና በቀሪው (ከ1 ምጣኔው ሲቀነስ) ማባዛት፣ ከዚያ ለምትፈልጉት ልዩነት ስኩዌር (ልዩነቱ በራሱ ሲባዛ) ማካፈል ነው። ዛሬ ከ100 ጎብኚ 10 የሚገዛ ከሆነና ወደ 11 መድረሱን ለመለየት ከፈለጋችሁ፦ 16 × 0.1 × 0.9 ÷ 0.0001 = 14,400። ይህ ለአንዱ ቡድን ነው፤ ለሁለቱ 28,800። በቀን 2,000 አዲስ ጎብኚ ካለ 15 ቀን ገደማ ይፈጃል። የምትፈልጉት ልዩነት ግማሽ ነጥብ (ከ10 ወደ 10.5) ከሆነ ደግሞ ብዛቱ አራት እጥፍ ይሆንና ሁለት ወር ሊደርስ ምንም አይቀረው። የተለመደው ጥፋት ቁጥሩን በየቀኑ እያዩ ደስ ባለ ቀን ሙከራውን መዝጋት ነው። በአራተኛው ቀን ያማረ ውጤት በአሥረኛው ሊጠፋ ይችላል፤ አስቀድሞ በተቆረጠው ብዛት ላይ ካልቆማችሁ ዕድልን እንደ ውጤት ታወጃላችሁ።

ደረጃዎቹ በብዙ ኩባንያ የሚለዩት በሚሰጣችሁ ነገር ነው። ጀማሪው፣ አሶሺየት የሚባለው፣ ችግሩም መፍትሔውም ተነግሮት በጥራት እንዲያስፈጽም ይጠበቅበታል። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2002 በማሪሳ ማየር ጀማሪነት የከፈተው ፕሮግራም ይህን መግቢያ በጣም አስለምዶታል። ለፕሮዳክት ማናጀር ችግሩ ይሰጠዋል፤ መፍትሔውን እሱ ያገኛል። ለሲኒየሩ የሚሰጠው ቁጥር (ሊደርስበት የሚገባ ግብ) ብቻ ነው፤ ችግሩን ራሱ ይፈልጋል። ዳይሬክተሩ የትኛው ቁጥር እንደሚያስፈልግ ይወስናል። ከሲኒየር በኋላ ሰው እየመሩ ወደ ግሩፕ ፕሮዳክት ማናጀርና ዳይሬክተር፣ ወይም ሰው ሳይመሩ ወደ ፕሪንሲፓል የሚያስኬድ መንገድ አለ። ዕድገት ስትጠይቁ የለቀቃችሁትን ፊቸር (በምርቱ ላይ የተጨመረ አገልግሎት) ብዛት መቁጠር ብዙ አይረዳም። ዋና ዋና ውሳኔዎቻችሁን ቀን እየጻፋችሁ መዝግቡ፦ ምን አማራጭ ነበር፣ ምን ጠበቃችሁ፣ ምን ሆነ።

ክፍያው የቋሚ ደመወዝ፣ የቦነስና የአክሲዮን ድምር ነው። ሁለት የሥራ ጥሪ መጣላችሁ እንበል። አንዱ ደመወዝ 100፣ የቦነስ ዒላማ 15፣ በአራት ዓመት የሚለቀቅ 80 የሚያወጣ አክሲዮን፤ ሌላው ደመወዝ 120 ብቻ። ወረቀት ላይ የመጀመሪያው በዓመት 135 ነው። ነገር ግን አክሲዮኑ ብዙ ጊዜ አንድ ዓመት ሳይሞላ አይነካም፤ በ12ኛው ወር ሩቡ፣ ቀሪው በየወሩ ወይም በየሩብ ዓመቱ ይለቀቃል። ቦነሱንም ብዙ ውሎች የሚከፍሉት በክፍያው ቀን ሥራ ላይ ላለ ሰው ነው። በ11ኛው ወር የለቀቀ ሰው ከመጀመሪያው 92 ገደማ፣ ከሁለተኛው 110 ይዞ ይወጣል። ኩባንያው በገበያ የማይሸጥ ከሆነ ደግሞ ያ በዓመት 20 ያልነው አክሲዮን ለጊዜው ቁጥር ብቻ ነው።

የሚሰጣችሁ ኦፕሽን (አክሲዮኑን ወደፊት አስቀድሞ በተቆረጠ ዋጋ የመግዛት መብት) ከሆነ የበለጠ ተጠንቀቁ። 10,000 ኦፕሽን በመግዣ ዋጋ 2፣ የዛሬ ዋጋ 5 ማለት 50,000 ማለት አይደለም፤ ከግብር በፊት ትርፉ 30,000 ነው፣ ለመግዛትም 20,000 ከኪስ ይወጣል። ጠቅላላው አክሲዮን 1 ሚሊዮን ከሆነ 10,000 አንድ በመቶ ነው፤ 100 ሚሊዮን ከሆነ ግን የአንድ በመቶ መቶኛ ብቻ ነው። ጠቅላላውን ለመንገር የሚያንገራግር ቀጣሪ ያቀረበላችሁን ነገር ዋጋ እየደበቀ ነው።

ስትደራደሩ መጀመሪያ ስለ ደረጃው ተነጋገሩ፤ የደመወዙ ጣሪያ ከደረጃው ጋር የታሰረ ስለሆነ በዝቅተኛ ደረጃ ገብቶ በገንዘብ መካካስ ብዙ አያስኬድም። በአራተኛው ዓመት መጨረሻ የመጀመሪያው አክሲዮን ሲያልቅ ክፍያችሁ ያሽቆለቁላል፤ በየዓመቱ አዲስ ይጨመር እንደሆነ ጠይቁ። ከለቀቃችሁ በኋላ ኦፕሽኑን ለመግዛት ስንት ቀን እንዳላችሁም እዩ፤ 90 ቀን የተለመደ ነው፣ ካለፈ ይቃጠላል። ይህ ሁሉ ከመፈረማችሁ በፊት በጽሑፍ ይስፈር፤ በቃል ቃል የገባላችሁ አለቃ ከእናንተ ቀድሞ ሊለቅ ይችላል።