ሽምብራው በ26 ደቂቃ፤ ከደብረ ብርሃን ማድ ቤት

ሽምብራ በመጨረሻ እጅ ሰጠ። ቆዳው ሳይገፈፍ፣ በሁለት ጣት ሲጫኑት ልክ እንደ በሰለ ድንች የሚለሰልስ ሽምብራ፣ ደብረ ብርሃን ላይ፣ በእንፋሎት ግፊት በሚያበስል ድስት፣ በ26 ደቂቃ። እዚህ ከተማ ጥራጥሬ የሚቀቅል ሰው ይህ ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ሦስት ሰዓት ከሰል ፈጅቶ፣ ከመሃሉ እንደ ጥሬ የሚንኳኳ ንፍሮ አቅርቦ የማያውቅ የደጋ አብሳይ ያለ አይመስለኝም። ውጤቱን ከነምክንያቱ ላካፍላችሁ ብዬ ነው።

ወደ ሽምብራው ከመግባቴ በፊት ቀላሎቹን የማድ ቤት ነገሮች ቶሎ ልለፋቸው። ሽሮ የሚጓጉለው ዱቄቱ በቀጥታ የፈላ ውሃ ላይ ሲበተን ነው፤ የእያንዳንዱ ጓል ውጪው ወዲያው በስሎ ይጣበቅና ውሃ ወደ ውስጥ አያሳልፍም። አንድ ብርጭቆ ሽሮ በአንድ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጦ፣ ቁሌቱ ላይ በፈላ ሦስት ብርጭቆ ውሃ ውስጥ እያማሰሉ በቀጭኑ ማፍሰስ ነው፤ ሌላ ዘዴ አያስፈልገውም። በሶ ደግሞ ገብሱ ከመፈጨቱ በፊት ተቆልቶ ስለበሰለ እሳት አይፈልግም። ከአንኮበርና ከመንዝ በኩል የሚመጣው ገብስ እያለ ጠዋት ዳቦ ፍለጋ መሮጥ ትርፉ አይታየኝም። ሦስት የሾርባ ማንኪያ በሶ በአንድ ብርጭቆ ውሃ፣ ትንሽ ጨው ወይም ማር፣ ክዳን ባለው ዕቃ መምታት፤ ቁርስ አለቀ። ቅንጬም እንደዚያው ቀላል ነው፤ አንድ እጅ ክክ ገብስ በሦስት እጅ ውሃ፣ ቅቤው እሳት ካጠፉ በኋላ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። በየ300 ሜትሩ ውሃ የሚፈላበት ሙቀት በአንድ ዲግሪ ገደማ ይወርዳል፤ ስለዚህ እዚህ ውሃ የሚፈላው 91 ዲግሪ አካባቢ ነው። ጣርማ በርን ተሻግሮ በደብረ ሲና ቁልቁል ሸዋ ሮቢት ሲደርስ፣ ያው ውሃ 96 ገደማ ላይ ይፈላል። አምስት ዲግሪ ትንሽ ይመስላል፤ ለጥራጥሬ ግን በአንድ ሰዓት የሚበስለውን ወደ ሁለት ሰዓት ሊገፋው ይችላል። ብዙዎቻችን የምንስተው እዚህ ላይ ነው፤ አልበስል ሲል እሳት እንጨምራለን። የሚንተከተክ ውሃ ላይ እሳት ቢጨመርበት ውሃውን ያተንነዋል እንጂ ሙቀቱን አንድ ዲግሪ ከፍ አያደርገውም። ከሰሉ ያልቃል፣ ውሃው ይጎድላል፣ ከሥር ያራል፣ ሽምብራው እዚያው ነው። ክዳን ገጥሞ በዝግታ እንዲንተከተክ መተው ያንኑ ሥራ በግማሽ ከሰል ይሠራል።

ግን ከፍታው ብቻ ቢሆን ኖሮ ሁሉም ሽምብራ እኩል ይዘገይ ነበር። ከአንድ ገበያ በተገዛ፣ በአንድ ድስት ውስጥ በተቀቀለ ሽምብራ ግማሹ ሲፈርስ ግማሹ የሚንኳኳ ከሆነ፣ ጥፋቱ ያለው ከመግዛቱ ላይ ነው። የከረመ ጥራጥሬ፣ በተለይ ሙቀትና እርጥበት ባለበት መጋዘን የከረመ፣ ውስጡ ይለወጥና ቢቀቅሉትም የማይለሰልስ ይሆናል። ነጋዴ ደግሞ አሮጌውን ከአዲሱ ጋር ይቀላቅላል። አምስት ኪሎ ከመሸመት በፊት ሩብ ኪሎ ገዝቶ ሃያ ፍሬ ቆጥሮ መዘፍዘፍ ነው። ጠዋት ሲታይ ያላበጡት ከሁለት ከበለጡ ያንን ጆንያ ተዉት። ባቄላ ላይ ምልክቱ ይበልጥ ቀላል ነው፤ አዲሱ ነጣ ያለ ወይም አረንጓዴ ቢጤ ሲሆን እየከረመ ሲሄድ ቆዳው ወደ ቡናማ ይጠቁራል።

ዓይነቱም ለውጥ አለው። ከምንጃር በኩል የሚመጣው ሽምብራ ሁለት መልክ አለው፤ ትንሹ፣ ጠቆር ያለው፣ ቆዳው ወፍራም የሆነው፣ እና ትልቁ፣ ነጩ፣ ቆዳው ስስ የሆነው። በምንጃር ሸንኮራዋ ከተማ ስም አረርቲ የተባለው የተሻሻለ ዝርያ ከነጮቹ ነው። ለንፍሮና ለሰላጣ ነጩን፣ ለክክና ለሽሮ ጥቁሩን። ጥቁሩን ሙሉውን ለመቀቀል መታገል ድካም ነው፤ ጣዕሙ የሚወጣው ተቆልቶ ሲፈጭ ነው።

መዘፍዘፍ ላይ አቋሜ ከብዙ ሰው ይለያል፤ ጨው መዘፍዘፊያው ውስጥ ይግባ። «ጨው ያጠጥረዋል» የሚባለው ልክ አይደለም። ቆዳውን የሚያጠጥረው በውሃ ውስጥ ያለ ካልሲየም ነው፤ ጨው ደግሞ ያንን ካልሲየም ከቆዳው ላይ እየተካ ያለሰልሰዋል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ጨው በአንድ ሊትር ተኩል ውሃ፣ ሁለት ብርጭቆ ሽምብራ፣ ከ10 እስከ 12 ሰዓት። ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው የውርጭ ወቅት ማድ ቤቱ ራሱ በረዶ ስለሚሆን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሌሊቱን ቢያድርም ልቡ ሳይርስ ያነጋል፤ ስለዚህ ለብ ባለ ውሃ ጀምሮ ዕቃውን በጨርቅ ጠቅልሎ ምድጃው አጠገብ ማሳደር። የረሳ ሰው ሽምብራውን ሁለት ደቂቃ አፍልቶ፣ ከድኖ አንድ ሰዓት ቢያቆየው አብዛኛውን ይካሳል። የመዘፍዘፊያው ውሃ ይደፋል፣ ሽምብራው ይታጠባል።

አጠጣሪው ኮምጣጣ ነገር ነው። ቲማቲም፣ ሎሚ፣ አቸቶ ጥራጥሬው ሳይበስል ከገቡ ቆዳው ይጠጥርና ከዚያ በኋላ ቢቀቅሉት ቶሎ አይለሰልስም። የክክ ወጥ ቁሌት ላይ ቲማቲም ከትቶ ጥሬውን ክክ ጨምሮ ለምን አልፈረሰም ማለት የዚህ ውጤት ነው። ክኩ ለብቻው በእርድና በውሃ ይብሰል፤ ቲማቲሙ መጨረሻ ላይ።

አሁን ስለ መሣሪያው። በእንፋሎት ግፊት የሚያበስለው፣ ገበያ ላይ ፕሬዠር ኩከር የሚባለው ድስት፣ ለደጋ ማድ ቤት ከምጣድ ቀጥሎ የሚገዛ ዕቃ ነው፤ ከማይጣበቅ መጥበሻም ከመፍጫም በፊት። ግን መመሪያው ላይ የተጻፈው ደቂቃ ዝቅተኛ ቦታ ላይ ለሚያበስል ሰው ነው። ባሕር ጠለል ላይ 121 ዲግሪ የሚያደርስ ድስት እዚህ 116 አካባቢ ላይ ይቆማል፤ የውጪው አየር ራሱ ስለሳሳ። የተለመደው ማስተካከያ ከ600 ሜትር በላይ ለእያንዳንዱ 300 ሜትር ጊዜውን 5 በመቶ መጨመር ነው። በእኛ ከፍታ ከሢሶ ትንሽ ይበልጣል፤ 19 ደቂቃ የተባለው 26 ይሆናል። ከርዕሱ ያለው ቁጥር የመጣው ከዚህ ነው። ቆጠራው የሚጀምረው ክዳኑ ላይ የእንፋሎት መውጫውን የሚጫነው ክብደት ማፏጨት ሲጀምር ነው፤ ከዚያ እሳቱ ይቀነሳል።

የሚበላሸውም አንድ በአንድ ይታወቃል። ድስቱ በጥራጥሬና ውሃ ከግማሽ በላይ ከሞላ አረፋና ቆዳ የእንፋሎት መውጫውን ይደፍናል፤ ያ አደገኛ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት አረፋውን ይቀንሰዋል። የአተር ክክ ከሁሉም የከፋ አረፋ ስላለው ክክን እዚያ ድስት ውስጥ አለማብሰል ይሻላል። የክዳኑ ላስቲክ ከደረቀ ወይም ከተሰነጠቀ እንፋሎት ያመልጣል፤ ሁለት ደቂቃ የማይሞላ ማጣሪያ ነው፣ ሁልጊዜ መታየት አለበት። ሲያበቃ እሳቱን አጥፍቶ ግፊቱ በራሱ እስኪወርድ መተው፤ ቀዝቃዛ ውሃ ክዳኑ ላይ ማፍሰስ የሽምብራውን ቆዳ ይሰነጥቀዋል። ግፊት እያለ ክዳን መታገል ደግሞ በጭራሽ አይሞከርም።

ቤኪንግ ሶዳ ላይ ግን ምክሬና እጄ አይስማሙም። ሶዳ ጥራጥሬን በፍጥነት ያለሰልሳል፣ ነገር ግን ቫይታሚን ቢ አንድን ያጠፋል፣ ከበዛም ሳሙና ሳሙና ይላል። ስለዚህ አትጨምሩ እላለሁ። እንግዳ ሊመጣ ሲል ግን ለሁለት ብርጭቆ ሽምብራ ሩብ የሻይ ማንኪያ አሁንም እጨምራለሁ፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ሽምብራው ይላላጣል።

ይህን ሁሉ ዝግጅት ለማይወድ ሰው ከዚህ አካባቢ ገበያ የማውቀው ምርጥ ነገር ማሾ የሚባለው አረንጓዴ ጥራጥሬ ነው። ከሸዋ ሮቢትና ከአጣዬ ቆላ ነው የሚመጣው፤ ደጋ ላይ ብዙ ሰው አይገዛውም፣ ያሳዝነኛል። ፍሬው ትንሽ፣ ቆዳው ስስ ስለሆነ መዘፍዘፍ አይፈልግም። ጠጠር ስለማይጠፋው ትሪ ላይ ዘርግቶ መልቀም፣ መታጠብ፣ አንድ ብርጭቆ ማሾ በአራት ብርጭቆ ውሃ፤ ደብረ ብርሃን ላይ በተራ ድስት ከ50 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት። ለየብቻ ሁለት ራስ ቀይ ሽንኩርት በዘይት አቁላልቶ፣ አራት ፍልቅቅ ነጭ ሽንኩርት፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ እርድ፣ መጨረሻ ላይ የተሰነጠቀ ቃሪያ። ለእሮብና አርብ ከዚህ የቀለለ ወጥ አላገኘሁም። ውሃው ከጎደለ የፈላ ውሃ ብቻ ይጨመር፤ ቀዝቃዛው ማፍላቱን አቋርጦ ጊዜውን ያራዝመዋል።

ማሾ ሲበቅልም ይጣፍጣል። ስምንት ሰዓት ዘፍዝፎ፣ አጥልሎ፣ በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኖ ጠዋትና ማታ ማጠብ ነው። ሞቃት ቦታ በሁለት ቀን ጭራ ያወጣል፣ በእኛ ብርድ አራት ቀን ይፈጃል። ካልታጠበ ይሸታል፤ ከሸተተ ይጣል። የበቀለውን ከሽንኩርት ጋር አምስት ደቂቃ ጠበስ አድርጎ በእንጀራ መብላት ነው። ጥሬውን ለሰላጣ ማድረግ አልመክርም፣ በሙቀትና በእርጥበት የሚያድግ ነገር ጀርምም ያሳድጋል።

የበሰለው ሽምብራ ማቀዝቀዣ ውስጥ እስከ ሦስት ቀን ይቆያል፤ ሁለት ብርጭቆ በአንድ ጊዜ መቀቀል የሚያዋጣው ለዚህ ነው። አንዱ ቀን ከሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ሎሚና ዘይት ጋር ሰላጣ፣ ሌላው ቀን በበርበሬ ቁሌት ወጥ፣ የቀረው ከስንዴ ንፍሮ ጋር። ስንዴውና ሽምብራው ግን ለየብቻ ይቀቀሉ፣ እኩል አይደርሱም።

ሙሉ ባቄላ ላይ ገና ነኝ። በጨው ተዘፍዝፎ 35 ደቂቃ በግፊት ሲቀቀል ልቡ ይለሰልሳል፣ ቆዳው ግን አሁንም ከጥርስ ስር ይቀራል። ቀጥሎ የምሞክረው 24 ሰዓት ዘፍዝፎ፣ ውሃውን ሦስት ጊዜ ለውጦ፣ ጊዜውን 40 ማድረስ ነው። መንዝ ወይም ሞጃ አካባቢ ሆናችሁ ቆዳውን ሳትልጡ ያበሰላችሁ ካላችሁ፣ ደቂቃውንና ባቄላው የየትኛው ዓመት ምርት እንደሆነ ጻፉልኝ።