ጋራዥ ሲደርስ የሚነሳው ኮሮላ፦ ቀጭ ብሎ ዝም የሚል ሞተሪኖ እንዴት እንደተያዘ

የመኪና ኤሌክትሪክ መማር የጀመርኩት ከፍሬቻና ከመብራት ነው። አሁን ማስነሻው ላይ፣ ማለትም ሞተሩን አዙሮ በሚያስነሳው ሞተሪኖ ላይ ደርሻለሁ። ሰሞኑን የያዝኩት የታናሽ ወንድሜን ኮሮላ ነው። በፈረንጆች 1997 የተሠራ፣ ማርሹ ማኑዋል የሆነ። በሽታው ሰው የሚያስመርር ዓይነት ነው። ጠዋት ይነሳል። ማደያ ገብቶ ነዳጅ ቀድቶ ሲጨርስ እምቢ ይላል። ቁልፉን ደጋግሞ ሲሞክር ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ይነሳል። ጋራዥ ሲወስዱትማ አንድም ቀን እምቢ ብሎ አያውቅም።

እኔ ጋ ከመምጣቱ በፊት ባትሪ ተቀይሮለታል፣ ሞርሴቶ (ገመዱን ባትሪው እግር ላይ የሚያስረው) ተቀይሮለታል። አንዱ የቁልፉን ቤት ቀይር ብሎታል፣ ሌላው ሙሉ ሞተሪኖ። ማናቸውም ጨርሰው አልተሳሳቱም፣ እነዚህ ሁሉ መኪና አላስነሳ ሊሉ ይችላሉ። ችግሩ ሁሉም የተነገረው መኪናው ደህና በሆነበት ሰዓት መሆኑ ነው። እየመጣ የሚሄድ ብልሽት በሌለበት ሰዓት ቢለካ ምንም አይናገርም። ስለዚህ መሣሪያውን ቀድሞ አስሮ መጠበቅ ያስፈልጋል። ይህን ጽሑፍ የምጽፈውም በዋናነት ስለዚህ አጠባበቅ ነው።

ከዚያ በፊት ግን ድምፁ። ቁልፉን ስታዞር «ቀጭቀጭቀጭ» እያለ ከተንቀጠቀጠና የዳሽቦርዱ መብራት ከደበዘዘ፣ ባትሪው ወይም የወፍራሙ ገመድ ግንኙነት ደክሟል። ምንም ድምፅ ከሌለ ትእዛዙ ሞተሪኖው ጋ አልደረሰ ይሆናል። ያኔ ቁልፍ፣ ፊውዝ፣ ሪሌይ፣ አውቶማቲክ ከሆነ ደግሞ በፒና በኒውትራል ብቻ እንዲነሳ የሚያደርገው ስዊች ይጠረጠራሉ። አንድ ጠንከር ያለ «ቀጭ» ብቻ ተሰምቶ የፊት መብራቱ ምንም ካልደበዘዘ ነገሩ ሌላ ነው። ትእዛዙ ደርሷል፣ ወፍራሙ ኃይል ግን አላለፈም። የወንድሜ መኪና አንዳንዴ አንድ ቀጭ ይላል። አንዳንዴ ግን «ምንም አላለም» ይለኛል። ሬዲዮ ከፍቶ የሚነዳ ሰው ሰማሁም አልሰማሁም ቢል ብዙ አላምነውም።

ባትሪውን ለካሁ። አድሮ 12.6 ቮልት ነው፣ ሙሉ ነው ማለት ነው። የዲስትሪቢውተሩን (ለሻማዎቹ እሳት የሚያከፋፍለውን) ሶኬት ነቅዬ ሞተሩ ሳይነሳ እንዲዞር አደረግሁ። እየዞረ ባትሪው ላይ 10.4 ቮልት ቀረ። ከ9.6 በታች ካልወረደ ባትሪውን ተወው ነው የሚባለው። ሞተሩ ከተነሳ በኋላ 14.1 አነበብኩ፣ ዲናሞውም ይሞላል።

ገመዱን በኦም ለክቶ «ዜሮ ነው፣ ደህና ነው» ማለት እኛ ጀማሪዎች ዘንድ የተለመደ ነው። ወፍራም ገመድ ውስጡ ተበጣጥሶ አንዲት ቀጭን ክር ብትቀር እንኳ ኦም ሜትሩ ደህና ነው ይላል። ሞተሪኖ ግን ሲዞር ከ100 አምፒር በላይ ይስባል። በ150 አምፒር 0.01 ኦም ብቻ 1.5 ቮልት ይበላል። 0.01 ኦም ደግሞ በእኛ እጅ ያለው ቴስተር አያየውም። ስለዚህ ገመድ የሚለካው በሥራ ላይ እያለ ነው። የቴስተሩን አንዱን ጫፍ የባትሪው ኔጌቲቭ እግር ላይ፣ ሌላውን ሞተሩ ብረት ላይ አድርገህ፣ ሰው ቁልፍ እያዞረልህ ቮልቱን ታነባለህ። ሞርሴቶው ላይ ሳይሆን እግሩ ላይ ማለቴን ልብ በሉ፣ አለዚያ የሞርሴቶው ችግር ከልኬቱ ውጭ ይቀራል። ከ0.2 ቮልት ካለፈ ማሳው (የኔጌቲቩ ገመድ ከሞተሩና ከቦዲው ጋር የሚገናኝበት) ይጸዳ። የእኛው 0.4 ነበር። ከማርሽ ሳጥኑ ጋር የታሰረበትን ቦታ ፈትቼ በብርጭቆ ወረቀት አሸሁት፣ 0.1 ሆነ። በፖዘቲቩ በኩል ያለው 0.3 ስለሆነ ተውኩት።

ወንድሜ ተፈወሰ ብሎ ደስ ብሎት ሄደ። በሳምንቱ ማደያ ላይ እንደገና ቆመ። አልገረመኝም። 0.4 ቮልት የሚበላ ማሳ ሞተሪኖውን ያደክመዋል እንጂ ጨርሶ አያቆመውም።

ከዚያ ወጥመዱን አጠመድን። ቶዮታ ላይ የሞተሪኖው ሶሌኖይድ (ቁልፍ ሲዞር ቀጭ ብሎ ወፍራሙን ኃይል የሚያገናኘው የማግኔት ስዊች) ሦስት ጫፍ አለው። 30 የሚባለው በወፍራም ገመድ በቀጥታ ከባትሪ ይመጣል። 50 ከቁልፍ የሚመጣው ቀጭኑ ነው። ሲ የሚባለው ደግሞ ወደ ሞተሪኖው ሆድ የሚገባው ወፍራም ነው። 50 ላይ አንድ ረጅም ሽቦ አሰርኩ፣ በኮፈኑ ክፍተት አሳልፌ ወደ ውስጥ አስገባሁትና ባለ 5 ዋት የፓርኪንግ አምፖል ዳሽቦርዱ ላይ ሰቀልኩ። ሌላኛው የአምፖሉ ጫፍ ቦዲ ላይ። ቁልፉ ወደ ማስነሻ ሲዞር አምፖሉ ካልበራ በሽታው ከሞተሪኖው በፊት ነው። ከበራና ካልዞረ ሞተሪኖው ውስጥ ነው። ለወንድሜ የሰጠሁት ትእዛዝም ይኼው ብቻ ነው፦ እምቢ ሲልህ አምፖሉን እይ፣ ሬዲዮውን ዝጋ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከመገናኛ ደወለ።

«በርቷል! ቦግ ብሏል፣ ግን አይዞርም!»

«ቀጭ አለ?»

«አንዴ አለ። ሬዲዮው ዝግ ነው፣ እንዳትጠይቀኝ።»

በዚህች አንዲት ስልክ ቁልፉ፣ ፊውዙ፣ ሪሌዩና የአላርሙ መቁረጫ (የማስነሻውን ሽቦ የሚቆርጠው ሪሌይ) ሁሉ ነጻ ወጡ። ለቁልፉ ቤት ሊወጣ የነበረው ብርም ዳነ።

የቀረው ሞተሪኖው ውስጥ ከሁለት የትኛው እንደሆነ መለየት ነው፦ የሶሌኖይዱ መዳብ (30ን ከሲ ጋር የሚያገናኘው) ወይስ ካርቦኑ (ለሚሽከረከረው ጥቅል ኃይል የሚያደርሰው)። ለዚህ ቴስተሩን በ30 እና በሲ መካከል አሰርኩት። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከ30 የሚነሳው ሽቦ ቁልፍ ዘጋህም ከፈትህም ኃይል አለው። እዚያው ጫፉ አጠገብ ትንሽ ፊውዝ ካላስገባችሁ በቀር ሽቦውን ወደ ውስጥ አታስገቡ፣ ቦዲ ከነካ እሳት ነው።

አነባበቡ መጀመሪያ ግር ይላል። መኪናው ቆሞ ሳለ ቴስተሩ የባትሪውን ቮልት ያሳያል፣ ምክንያቱም ሲ በሞተሪኖው ጥቅል በኩል ማሳ ያገኛል። ሶሌኖይዱ መዳቦቹን በደንብ ሲያገናኝ ወደ ዜሮ ይወርዳል። ስለዚህ ቀጭ ካለ በኋላ ዜሮ ጥሩ ነው፣ 12 መጥፎ ነው። ዜሮ ሆኖ ካልዞረ ወደ ካርቦኑና ወደ ጥቅሉ እንሄዳለን። ካርቦኑ ጨርሶ ካለቀ ደግሞ ቀጭታውም ሊጠፋ ይችላል፤ ሶሌኖይዱን የሚስበው ጠንካራው ጥቅል ማሳ የሚያገኘው በካርቦኑ በኩል ነውና። ሞተሪኖን በመዶሻ መታ መታ ማድረግ የሚሠራውም ብዙ ጊዜ ለዚህ ነው፣ የተጣበቀው ካርቦን ይላቀቃል። ሰፈራችን ያለው አንጋፋ መካኒክ ይህን ሳስረዳው «እኔ እኮ ሠላሳ ዓመት የመታሁት ሳላውቅ ነው» ብሎ ሳቀ። «እንዴ ጋሼ፣ እርስዎ የመቱት ሁሉ ተነስቷል» አልኩት።

ቴስተሩ በታሰረ በጥቂት ቀን ውስጥ ተያዘ። ቀጭ፣ 12.1። እንደገና ቀጭ፣ 12.1። ደግሞ ሲሞክር 0.2 ሆነና መኪናው ተነሳ። መዳቡ ነው።

የባትሪውን ኔጌቲቭ መጀመሪያ ፈትቼ ሞተሪኖውን አወረድኩት። የሶሌኖይዱን ክዳን የያዙት ሦስት ትናንሽ ብሎኖች ናቸው። ክዳኑ ሲነሳ ፒስተኑና ስፕሪንጉ ይወጣሉ። የፒስተኑ ጫፍ ላይ ክብ የመዳብ ሳህን አለ፣ ይህ ነው ሁለቱን መዳቦች የሚያገናኘው። በባትሪው በኩል ያለው መዳብ እንደ አሮጌ ጫማ ተረከዝ በአንድ ጎኑ ተበልቷል። ሌላኛው ገና ወፍራም ነው። ሳህኑ አንዱን ሲነካ ሌላውን አይደርስበትም፣ ወይም በጠርዙ ብቻ ይነካዋል። ሳህኑ ደግሞ በነጻነት ይሽከረከራል። ደህናው ፊቱ ሲገጥም ይነሳል፣ የተቃጠለው ፊቱ ሲገጥም ቀጭ ብሎ ይቀራል። የዚያ ሁሉ ወር «አንዳንዴ» ምስጢር ይህ ነው።

በሞረድ አስተካክለህ መልሰው የሚሉ አሉ። መንገድ ላይ ከሆነ ይሁን። ነገር ግን ሞረድ መዳቡን ይበልጥ ያሳንሰዋል እንጂ አይጨምርለትም፣ ያለቀው ደግሞ ውፍረቱ ነው። ሶማሌ ተራ መዳቡ ለብቻው ይገኛል፣ ዋጋውም ከሙሉ ሞተሪኖ ጋር አይወዳደርም። አሮጌዎቹን ሁለቱንም ይዛችሁ ሂዱ፣ ቅርጻቸው ይለያያልና። «ያው ነው» ብሎ አንድ ዓይነት ሁለት የሚሰጥ አይጠፋም።

ስገጥማቸው የረዳኝ ነገር አለ። የአዲሶቹን መዳቦች ፊት በማርከር ቀባኋቸው። ፒስተኑን በእጄ ጫን አድርጌ መለስ አደረግሁና ማርከሩ የተፋቀበትን አየሁ። መጀመሪያ አንዱ ላይ ብቻ ነበር የተፋቀው። ብሎኑን ላላ አድርጌ መዳቡን በጥቂቱ ቀና ካደረግሁት በኋላ ሁለቱም ላይ እኩል ተፋቀ። ሁለቱ ከፍታቸው እኩል ካልሆነ አዲሱም እንዲሁ በአንድ ጎን ተበልቶ ያልቃል።

አሁን በ30 እና በሲ መካከል በሚዞርበት ጊዜ 0.1 ቮልት አካባቢ ነው። አምፖሉን ወንድሜ አታውልቅብኝ ስላለ እዚያው ተሰቅሏል፣ ቁልፍ ባዞረ ቁጥር ቦግ ሲል ደስ ይለዋል።

ከዚህ ቀጥሎ የምገባው አላርሙ ውስጥ ነው። ዳሽቦርዱን ስከፍት የማስነሻው ሽቦ ተቆርጦ በእጅ ተጠምዝዞ በፕላስተር ታስሮ አገኘሁት፣ ፕላስተሩም መላላት ጀምሯል። ዛሬ ጥፋተኛ አይደለም፣ ነገ ግን የሚጠረጠረው እሱ ነው። መቁረጫውን ሙሉ በሙሉ አውጥቼ ሽቦውን በብየዳ መልሼ ልቀጥለው አስቤያለሁ። ሪሌዩን አውጥታችሁ ቀሪውን አላርም እንዲሠራ ያደረጋችሁ ካላችሁ እንዴት እንዳሰራችሁት ንገሩኝ።