ከታች የተቆረጡት እቴጌ

ሥራው 12 ካርድ ነበር። እያንዳንዱ ኤ5 ነው፣ 148 በ210 ሚሊሜትር፤ ፊቱ ላይ ፎቶ፣ ጀርባው ላይ ጽሑፍ፤ በጎጃምና በጣና ደሴቶች ያሉ አብያተ ክርስቲያናትን ለጎብኚ የሚያሳይ። ማተሚያ ቤቱ ባሕር ዳር ነው። ፎቶዎቹ ደኅና ተነሥተዋል፤ ጽሑፉም ታርሞ ገብቷል። የመጀመሪያው የቀለም ናሙና በወጣ ዕለት ግን ሥራው ቆመ። ያስቆሙት የግእዙን ፊደል እንዲያዩ ተጠርተው የመጡ አንድ የቅኔ መምህር ናቸው።

የኔታ ካርዶቹን አንድ በአንድ እያነሡ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያስጠጋሉ። አራተኛው ላይ ቆዩ። ገለበጡና ጀርባውን አነበቡ፤ መልሰው ፊቱን አዩ። የናርጋ ሥላሴ ሥዕል ነው፤ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ።

«አንተ ልጅ፣ እዚህ ታች የነበሩት የት ሄዱ?»

ግራፊክስ የሚሠራው ልጅ ተነሥቶ መጣ። «የኔታ፣ እታች የተኛችዋን ሴትዮ ነው? እሷ እንኳ ቦታ አልበቃትም። ዋናው ሥዕል ሙሉ ነው።»

«ሴትዮ?» አሉ የኔታ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «እቴጌ ምንትዋብ ናቸው እኮ። ቤተ ክርስቲያኑን ያሠሩት እሳቸው ናቸው። የቤቱን ባለቤት አስወጥተህ ቤቱን ታስጎበኛለህ?»

ልጁ ናሙናውን እንደያዘ ቀረ። የማሽኑ ሠራተኛ፣ ፕሌት የሚያወጣው፣ ሒሳብ ቤት ያለችው ሳትቀር ተሰብስበው ካርዱን አዩ። ሁሉም ያንን ሥዕል ደጋግመው ያዩት ናቸው። የጎደለ ነገር ያየ ግን አልነበረም።

ልጁ ግዴለሽ አይደለም። ስሕተቱ ከልኬት የመጣ ስለሆነ ማንም እጅ ላይ ይደርሳል። የካሜራ ፎቶ ሁለት በሦስት ነው። ኤ5 ደግሞ ከዚያ አጠር ይላል። ፎቶው ካርዱን እስከ ጠርዝ እንዲሞላ ከተፈለገ በየጎኑ 3 ሚሊሜትር ለመቁረጫው ስለት ይጨመራል፤ ገጹ 154 በ216 ይሆናል ማለት ነው። ስፋቱን 154 ሲያደርጉት የፎቶው ቁመት 231 ይደርሳል። 15 ሚሊሜትር ትርፍ አለ፤ ከላይ ወይም ከታች መሄድ አለበት። ከላይ የእመቤታችን አክሊለ ብርሃን ስላለ እጁን የሚያነሣበት የለም። ስለዚህ ሁሉም ከታች ሄደ። በዚያ ላይ ስለቱ 3 ሚሊሜትር ይወስዳል። በድምሩ 18 ሚሊሜትር። እቴጌይቱ የተደፉት በዚያች 18 ሚሊሜትር ውስጥ ነበር።

ታች መሆናቸው የሠዓሊው የቦታ እጥረት አይደለም። ሥዕል ያሠራ ሰው፣ ንጉሥም ይሁን እቴጌ፣ ቦታው ከቅዱሱ ወይም ከእመቤታችን እግር ሥር ነው፤ ተንበርክኮ ወይም በግንባሩ ተደፍቶ። በብዙዎቹ ላይ «ተማኅፀንኩ ብኪ» የሚል ልመና ይጻፋል። የአሠሪው ፊርማ ያ ነው። ሠዓሊው ራሱ ስሙን ብዙ ጊዜ አይጽፍም፤ አሠሪዋ ከተቆረጡ ሥዕሉ ላይ የቀረ የባለቤት ምልክት የለም። ትሕትናቸው ያስቀመጣቸው ቦታ ለጉዳትም የመጀመሪያው ነው። የመሬቱ እርጥበት የሚወጣው ከታች ነው። መጥረጊያው የሚነካው፣ የተሳላሚው ትከሻና ከንፈር የሚያርፈው ታች ነው። የቆየ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ የግድግዳውን ሥዕል ያስተዋለ ሰው ቀለሙ ቀድሞ የሚረግፈው ከወገብ በታች እንደሆነ ያውቃል። ግድግዳው በመቶ ዓመታት የሚያደርገውን እኛ በአንድ ጠቅታ አደረግነው።

የኔታ ቀጥለው የካርዱን ጀርባ አወጡ። «በዳግማዊ ኢያሱ ዘመን ተሠራ» ይላል። ሐሰት አይደለም። ዳግማዊ ኢያሱ ግን አባታቸው ዐፄ በካፋ ሲሞቱ ገና ሕፃን ነበሩ። መንግሥቱን የያዙት እናትየዋ ናቸው፤ ዘውድም ጭነዋል፣ በዘውድ ስማቸው ብርሃን ሞገሳ። ጎንደር ላይ ቁስቋምን ያሠሩት፣ ደቅ ደሴት ላይ ናርጋን ያሠሩት እሳቸው ናቸው። ሁለተኛው የጎንደር የአሣሣል ስልት የሚባለው፣ ፊቱ በጥላና በብርሃን የሚሞላበት፣ መደቡ ከአንድ ቀለም ወደ ሌላው ቀስ እያለ የሚሸጋገርበት፣ የእመቤታችን ልብስ አበባ ያለው ከውጭ የመጣ ጨርቅ የሚመስልበት፣ ያደገው በእሳቸው ደጅ ነው። ዘመኑን በልጃቸው ስም ብቻ ስንጽፍ ከፊት በመቀስ ያደረግነውን ከጀርባ በብዕር ደገምነው።

ዓመቱም ተሳስቷል። ጽሑፉ ሲተየብ ዐፄ በካፋ ሞተው ዳግማዊ ኢያሱ የነገሡበት 1730 የሚለው ቁጥር «እ.ኤ.አ.» የምትለዋን ጥሎ ገብቷል። እንዲህ ከቀረ አንባቢ በእኛ አቆጣጠር ያነበዋል። ዐፄ በካፋ የሞቱት መስከረም ውስጥ ስለሆነ ልዩነቱ ሰባት እንጂ ስምንት አይደለም፤ በእኛ 1723 ነው። ስምንት የሚቀነሰው ከፈረንጆቹ ጥር እስከ ጳጉሜን ላለው ነው። ይህን ሳያዩ በጅምላ ስምንት የሚቀንሱ ጽሑፎች በየጊዜው እኛ ዘንድ ይመጣሉ፤ እያንዳንዱን ወር መጠየቅ ግድ ነው።

ከዚያ ሌሎቹን ካርዶች በሙሉ በዚያው ዓይን መልሰን አየን። የመርጡለ ማርያም ካርድ ላይ ያው ነገር ተገኘ። በአበባና በሐረግ የተቀረጸው ድንጋይ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ጀርባው የሚያወራው በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቦታው ላይ ስለሠሩት ኢየሱሳውያን፣ ስለ ካቶሊክ ሚስዮናውያኑ፣ ብቻ ነው። ቤተ ክርስቲያኑን ቀድመው ያሳነጹት እቴጌ እሌኒ የሉም። የሐድያ ባላባት ልጅ፣ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ሚስት፣ ልብነ ድንግል በልጅነታቸው ሲነግሡ አገሩን የመሩ፣ መልእክተኛውን ማቴዎስን ወደ ፖርቱጋል የላኩ ሴት ናቸው። ምሥራቅ ጎጃም ላይ ለታነጸ ቤት ከባሕር ማዶ የመጣውን ጠርቶ የቤቱን አሳናጭ መተው ያሳፍራል። ሁለት ዓረፍተ ነገር ጨመርን፤ ቦታ ለማግኘት የፊደሉን መጠን ከ10 ወደ 9.5 ዝቅ ማድረግ ብቻ በቃን።

የናርጋው ካርድ መፍትሔ ከተፈራው ቀላል ሆነ። ፎቶው ጠርዝ እንዲነካ መፈለጉን መተው ነበር። ቁመቱን 190 ስናደርገው ስፋቱ 127 ገደማ መጣ፤ ከላይና ከታች 10፣ ከግራና ከቀኝ 10 ተኩል ያህል ነጭ ቀረ። ለዓይን እኩል ነው፤ ፍሬም የገባ ይመስላል። ለስለቱ የሚጨመር ትርፍ አያስፈልግም፤ መቁረጫው ግማሽ ሚሊሜትር ቢስት እንኳ የሚነካው ነጩን ነው። ነጭ ጠርዝ ያለው ካርድ ቆረጣው ከጠመመ ያሳጣል፣ እውነት ነው፤ ስለዚህ ስለቱ ተስሎ፣ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ቁልል አንሶ ተሠራ።

ፎቶውን ለማስተካከል ሙሉ በሙሉ አጉልተን ስንሠራ ሌላ ነገር ታየ። የእነዚህ ሥዕሎች ቀለም በቀጥታ ግድግዳው ላይ አይደለም የተቀባው፤ የጥጥ ጨርቅ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ፣ ነጭ ተቀብቶ፣ ቀለሙ ከዚያ ይመጣል። የማጣበቂያ ሙጫ ስላለበት በእርጥብ ጨርቅ ቢወለወል ቀለሙ አብሮ ይነሣል፤ አቧራው በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ካልሆነ አይነካም። ከእቴጌይቱ ክንድ አጠገብ ጥፍር የምታህል ቦታ ላይ ቀለሙ ረግፏል፤ እዚያ ጨርቁ ይታያል። ክሩ አንድ ቦታ ወፈር፣ አንድ ቦታ ቀጠን ይላል፤ የእንዝርት ፈትል ነው። በአገራችን ሽመናው የወንድ፣ ፈትሉ የሴት ነው። ያንን ክር የፈተለች እጅ ከእቴጌይቱ ሥር አለች፤ በግድግዳው ላይ ካሉት ሁሉ ስሟ ከቶ የማይገኘው እሷ ናት። ልጁ ያችን ቦታ በኮምፒውተር ሊሞላት እጁን ሰንዝሮ ነበር፤ «ተዋት» ተባለ። ቀዳዳዋ እንዳለች ታተመች።

የኔታ ሁለተኛውን ናሙና ሲያዩ ጣታቸውን ከታች አስቀምጠው የተደፉትን እቴጌ ከራሳቸው እስከ እግራቸው ተከተሉ። ከዚያ ፈረሙ።

ካርዱ ከወጣ በኋላ ያንኑ ፎቶ ሌላ ማተሚያ ቤት ለግድግዳ ካሌንደር ወሰደው። ካሌንደሩ ካሬ ነው። ሁለት በሦስቱን ካሬ ለማድረግ ከቁመቱ አንድ ሦስተኛው ተቆርጧል፤ ከታች። ስንደውል «እኛ የተላከልንን ነው የተጠቀምነው» አሉ፤ ፋይሉ «ማርያም 04» ከማለት በቀር ምንም አይነግራቸውም ነበር። አሁን ፎቶው ከእኛ ሲወጣ ነጩ ጠርዝ አብሮት አለ፤ የፋይሉም ስም «ምንትዋብ ናርጋ ከታች አይቆረጥም» ይላል።