ገነተ ልዑልን ስሞቹን ይዤ ስጎበኝ

በስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ያለውን የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ብዙ ሰው የሚያውቀው በሙዚየሙ ነው። የብራና መጻሕፍቱን፣ መስቀሎቹን፣ የጥንት ሥዕሎቹን፣ በገናና ማሲንቆውን አይቶ ይወጣል። እኔን ወደዚያ የወሰደኝ ሌላ ነገር ነው። ታኅሣሥ 7 ቀን 1953 ዓ.ም. ከሰዓት በኋላ፣ በዚህ ቤት አረንጓዴ ሳሎን ውስጥ፣ ታግተው የቆዩ ሚኒስትሮችና መኳንንት በጥይት ተደብድበው ተገድለዋል። ከዚያ 24 ዓመት ቀደም ብሎ ደግሞ የየካቲት 12 ጭፍጨፋ የተጀመረው በዚሁ ግቢ ነው። አንድ ቤት ሁለት እንዲህ ያሉ ቀኖችን ተሸክሞ እንዴት ይቆማል? ይህ ጥያቄ ለረጅም ጊዜ ሲከነክነኝ ቆይቶ ነው ሄጄ ለማየት የቆረጥኩት።

ከጉብኝቱ በፊት ያደረግኩት ዝግጅት በጣም ጠቅሞኛል። የታኅሣሥ ግርግር በሚል ስም ስለሚታወቀው መፈንቅለ መንግሥት ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ፤ ስናነብም በጎራ ተከፍለን እንደምናነብ ያስተዋልኩት ያን ጊዜ ነው። አንዱ ወገን ስለ ጠንሳሾቹ ብቻ ይጽፋል፤ ሌላው ስለ ንጉሠ ነገሥቱ መመለስ ብቻ። ሳሎኑ ውስጥ የወደቁት ሰዎች በሁለቱ መካከል ቁጥር ብቻ ሆነው ይቀራሉ። ስለዚህ በአንድ ወረቀት ላይ ስማቸውን፣ ሹመታቸውንና ቀድሞ የሠሩትን ጻፍኩና በኪሴ ይዤ ሄድኩ። ቤቱን ለማየት ለሚያስብ ሰው ከዚህ የተሻለ ምክር የለኝም። ሙዚየሙ የቆመው የኢትዮጵያን ሕዝቦች ባህል ከልደት እስከ ሞት ለማሳየት ነው፤ የዚያን ከሰዓት በኋላ ነገር የሚፈልግ ጎብኚ እውቀቱን ከቤቱ ይዞ መምጣት አለበት።

ነገሩ በአጭሩ እንዲህ ነበር። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለጉብኝት ብራዚል ሳሉ፣ ታኅሣሥ 4 ቀን ማታ፣ የክቡር ዘበኛ አዛዥ የነበሩት ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ ከወንድማቸው ከገርማሜ ንዋይ፣ ከጸጥታው ሹም ከኮሎኔል ወርቅነህ ገበየሁና ከፖሊስ ኮሚሽነሩ ከብርጋዴር ጄኔራል ጽጌ ዲቡ ጋር ሆነው ተነሡ። ሹማምንቱን የሰበሰቧቸው «እቴጌ በጠና ታመዋል» ብለው በመጥራት ነው። የተጠራው ሁሉ ደንግጦ መጣ፤ የመጣውም ታገተ። በማግስቱ አልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን አዲስ መንግሥት መቋቋሙን የሚገልጽ መግለጫ በሬዲዮ አነበቡ። የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች ለውጡን ደግፈው ሰልፍ ወጡ። በሌላ በኩል እነ ሜጀር ጄኔራል መርዕድ መንገሻ ጦር ሠራዊቱንና አየር ኃይሉን ይዘው ለዘውዱ ቆሙ፤ ፓትርያርኩ አቡነ ባስልዮስም መፈንቅለ መንግሥቱን አወገዙ። ውጊያው አዲስ አበባ መሀል ሆነ። የጦር ሠራዊቱ ታንኮች ወደ ቤተ መንግሥቱ ሲቃረቡ ነው በታጋቾቹ ላይ የተተኮሰው። የሞቱት 15 ያህል ናቸው።

ጉዞዬን የጀመርኩት ከግቢው ሳይሆን ከውጭ፣ ከስድስት ኪሎው የሰማዕታት ሐውልት ነው። ከእኔ ጋር አፍንጮ በር አካባቢ ያደጉ ጎረቤታችን ነበሩ። በግርግሩ ጊዜ ገና ልጅ ነበሩና መጀመሪያ ለመሄድ አልፈለጉም። «ጋሼ፣ ከደከመዎት ከበሩ እንመለሳለን» ብዬ ለመንኳቸው። «እግሬ አይደለም የሚደክመኝ፣ ልጄ» አሉኝና መጡ።

ሐውልቱን ሁልጊዜ ከታክሲ መስኮት ነበር የማየው። ቀርቦ ዙሪያውን መሄድ ግን ሌላ ነገር ነው። ከሥሩ የተቀረጹት ምስሎች የተገደሉትን፣ የወደቁትን፣ የሚያለቅሱትን ያሳያሉ። የሠሩት አንቱን አውጉስቲንቺችና ፍራኖ ክርሺኒች የተባሉ የዩጎዝላቪያ ቀራጮች ናቸው። ጋሼ ባርኔጣቸውን አውልቀው አንድ ዙር ዞሩ። እኔም ያነበብኩትን እያሰብኩ ተከተልኳቸው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ማርሻል ግራዚያኒ ለኢጣሊያው አልጋ ወራሽ ልጅ መወለድ ደስታ ብሎ ለድሆች ምጽዋት እሰጣለሁ በማለት ሕዝቡን ወደ ገነተ ልዑል ጠርቶ ነበር። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም የእጅ ቦምብ ወረወሩ። ግራዚያኒ በፍንጣሪ ቆሰለ፤ የአየር ኃይሉ ጄኔራል ሊዮታ እግሩን አጣ፤ አቡነ ቄርሎስም ቆሰሉ። ከዚያ በኋላ ምጽዋት ሊቀበል የመጣው ድሃ፣ ሽማግሌው፣ ዓይነ ስውሩ፣ በግቢው ውስጥ እንዳለ ተረሸነ። ጭፍጨፋው ወደ ከተማው ወጥቶ ሦስት ቀን ቆየ። የኢትዮጵያ መንግሥት የሟቾቹን ቁጥር 30,000 ብሎ መዝግቦታል። በዚሁ ቂም በግንቦት ወር የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ተፈጁ።

ይህንን ከሐውልቱ ሥር ሳላስብ በቀጥታ ወደ ሙዚየሙ ገብቼ ቢሆን ኖሮ፣ ግቢውን እንደ ማንኛውም ያማረ ግቢ አይቼው አልፍ ነበር። ከአደባባዩ እስከ ዩኒቨርሲቲው በር ያለው መንገድ በጣም አጭር ነው። በዚያ ቀን ለሸሸው ሰው ምን ያህል ረጅም እንደነበር አሰብኩ።

በሩ ላይ መታወቂያ አሳይተን፣ ተፈትሸን ገባን። ከተማሪዎቹ ጋር ሽቅብ ስንሄድ ቤተ መንግሥቱ ፊት ለፊት ይታያል። ከመግባታችን በፊት ግን ሁሉም ጎብኚ ቢያየው የምመኘውን ነገር ላንሣ። ከሕንጻው ውጭ፣ በግቢው ውስጥ፣ ወደየትም የማይወስድ የሲሚንቶ ደረጃ ቆሟል። ጣሊያኖች የሠሩት ነው፤ እያንዳንዱ ደረጃ ሙሶሊኒ በ1922 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሥልጣን ከያዘ ወዲህ ያለፈውን አንድ አንድ ዓመት ይቆጥራል። ከነጻነት በኋላ አናቱ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። ደረጃው እየተጠማዘዘ ይወጣና በድንገት ያልቃል፤ ከዚያ በላይ አንበሳው ብቻ ነው። ማፍረስ ቀላል ነበር። ሳያፈርሱ አንበሳ ያስቀመጡበትን ሰዎች ብልህነት ሳላደንቅ አላልፍም፤ የወራሪው ዘመን የት ላይ እንደቆመ ማንም ልጅ ጣቱን ዘርግቶ ሊያሳይ ይችላል።

ከዚያ ወደ ውስጥ ገባን። የባህል ትርኢቱን በሌላ ቀን ተመልሶ ማየት ይሻላል እላለሁ፤ ሰፊ ነው፣ ሀብታምም ነው፣ ሁለቱን በአንድ ልብ ማየት ግን ለሁለቱም አይበጅም። እኛ በቀጥታ ወደ ንጉሠ ነገሥቱ መኝታ ክፍል ሄድን። አልጋው፣ መታጠቢያ ቤቱ፣ የልብስ መቀየሪያው እንደነበሩ ተጠብቀዋል። መስተዋቱ ላይ የጥይት ቀዳዳ አለ። ከግርግሩ የቀረ ነው። የመስተዋቱ ቀሪ ክፍል ያለ እንከን ያሳያል፤ ከኋላችን ያለውን ግድግዳ፣ የበሩን ጠርዝ፣ የጋሼን ነጭ ጋቢ። በዚያች አንዲት ቦታ ላይ ግን ዓይን ይያዛል። አብረውን የገቡ ጎብኚዎች «ይህ ነው የጥይቱ?» ብለው ወዲያው አለፉ። አስጎብኚው ጥያቄ ሲቀርብለት በትዕግሥት የሚያስረዳ ሰው ነበር፤ ቀድሞ አንብቦ የመጣ ጎብኚ ከእንዲህ ያለ ሰው ብዙ ያተርፋል። ወረቀቴን ያወጣሁት እዚያ፣ ከመስተዋቱ ፊት ነው።

ራስ አበበ አረጋይ የመጀመሪያው ስም ነበሩ። የመከላከያ ሚኒስትር ነበሩ። ከዚያ በላይ ግን በሸዋ አምስቱን ዓመት ሙሉ ለጠላት ሳይገብሩ የተዋጉ የአርበኞች አለቃ ናቸው። ግራዚያኒ በዚህ ቤት ተቀምጦ ሲያሳድዳቸው የኖሩት ሰው፣ ጠላት ከወጣ ከ20 ዓመት ገደማ በኋላ በዚሁ ቤት በወገን ጥይት ወደቁ። ይህን ስም ጮክ ብዬ ሳነብ ድምፄ ተያዘ። ሁለቱን ቀኖች አንድ ላይ ያሰረልኝ ይህ አንድ ሰው ነው፤ ያለ እርሳቸው የካቲትና ታኅሣሥ ለእኔ ሁለት የተለያዩ ምዕራፎች ሆነው በቀሩ ነበር።

ቀጥሎ ራስ ሥዩም መንገሻ፣ የትግራይ ገዥ፣ የአፄ ዮሐንስ የልጅ ልጅ። መኮንን ሀብተ ወልድ፣ ወንድማቸው አክሊሉ ያን ጊዜ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር በጉዞ ላይ የነበሩት፤ አክሊሉም በበኩላቸው ኅዳር 1967 ዓ.ም. ከ60ዎቹ ጋር በደርግ ተረሸኑ። አባ ሐና ጅማ፣ የንጉሡ የነፍስ አባት። ሜጀር ጄኔራል ሙሉጌታ ቡሊ። እኚህን ስም ሳነብ ጋሼ እጃቸውን አንሥተው አስቆሙኝ። «ክቡር ዘበኛን ያደራጁት እርሳቸው አይደሉም?» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ከጄኔራል መንግሥቱ በፊት የክቡር ዘበኛ አዛዥ ነበሩ። የገደላቸው ራሳቸው ያሳደጉት ክፍል ነው።

ጋሼ ልጅ ሆነው የሰሙትን የነገሩኝ ከዚያ ወጥተን ግቢው ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ስንቀመጥ ነው። እናታቸው በመስኮቱ ላይ ፍራሽ አቁመው ልጆቹን ከአልጋ ሥር እንዳስተኟቸው፣ የአውሮፕላን ድምፅ ሲመጣ ታናሽ እህታቸው ጆሮዋን ይዛ እንደምትጮህ፣ ተኩሱ ካቆመ በኋላ ለቀናት ማንም ስለ ምንም እንዳይናገር መታዘዙን። ይህን ሁሉ ዓመት አጥር ተጋርተን ስንኖር አንድም ቀን አንሥተውት አያውቁም። እንዲህ ያለ ቤት ስትጎበኙ ያንን ዘመን የሚያስታውስ ሰው አብሯችሁ ቢሄድ እጅግ ያተርፋችኋል፤ ግን ሰውየው ራሱ እስኪጀምር ጠብቁ። እኔ መኝታ ክፍሉ ውስጥ ብጠይቃቸው ኖሮ የሚመልሱልኝ አይመስለኝም።

ስለ ጠንሳሾቹ ያለኝን ሐሳብ አልደብቅም። ገርማሜ ንዋይ አሜሪካ ተምሮ የመጣ፣ በወላይታ ገዥ ሳለ መሬት ለሌለው መሬት ለመስጠት የሞከረ፣ በዚህም ምክንያት ወደ ጅጅጋ የተዛወረ ሰው ነው። ያየው ድህነት እውነት ነበር፤ የጠየቀው ጥያቄም ተገቢ ነበር። ከአራት ዓመት ገደማ በኋላ በዚሁ ግቢ «መሬት ለአራሹ» የጮኹት ተማሪዎች ያንኑ ጥያቄ ነው ያነሡት። ሆኖም መሣሪያ የሌለውን ታጋች በክፍል ዘግቶ መተኮስ ወንጀል ነው፤ ዓላማው የቱንም ያህል ቢያምር። እነርሱም ከዚያ ወዲያ ብዙ አልቆዩም። ገርማሜ በሸሹበት ሞተ፤ ጄኔራል መንግሥቱ ቆስለው ተያዙ፤ ተፈርዶባቸውም ይግባኝ አልልም ብለው መጋቢት 21 ቀን 1953 ዓ.ም. በተክለ ሃይማኖት አደባባይ ተሰቀሉ። ከግርግሩ አንድ ዓመት በኋላ፣ በታኅሣሥ 1954 ዓ.ም.፣ ንጉሠ ነገሥቱ ቤታቸውን ለዩኒቨርሲቲ ሰጡ። ደም የፈሰሰበትን ቤት ተማሪ እንዲማርበት መስጠት ከውሳኔዎቻቸው ሁሉ እኔ በሙሉ ልቤ የማከብረው ነው። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የመጀመሪያ ዳይሬክተር ሆነው በዚህ ቤት የሠሩት ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት፣ የፋሺስቶችን ግፍ ለዓለም ስታሰማ የኖረችው የሲልቪያ ፓንክረስት ልጅ መሆናቸውም ደስ ይለኛል።

መሄድ ለምትፈልጉ፦ ጠዋት ሂዱ፣ መታወቂያ አትርሱ፣ ፎቶ ማንሣት ይፈቀድ እንደሆነ በር ላይ ጠይቁ። ከሐውልቱ ጀምሩ፣ ከዚያ ደረጃው፣ ከዚያ መኝታ ክፍሉ። አረንጓዴውን ሳሎን ፍለጋ የተዘጋ በር አታንኳኩ፤ ሰው የሚሠራበት፣ ተማሪ የሚያነብበት ግቢ ነው። ትንንሽ ልጆች ከያዛችሁ ስለ መናፍስት እየነገራችሁ አታስፈራሯቸው፤ የሞቱት ሰዎች ስምና ሥራ ነበራቸው፣ እርሱን ንገሯቸው። ጊዜ ካላችሁ ከዚያ ወርዳችሁ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ግቢ የ60ዎቹን መታሰቢያ እዩ፤ መኪና ከያዛችሁም ተክለ ሃይማኖት ድረስ ዝለቁ። እኔና ጋሼ ሥላሴ ስንደርስ መሽቶብን ነበርና ተክለ ሃይማኖትን ለሌላ ቅዳሜ አስተላልፈነዋል።